የሎርን ማካስኪል ግራ ጫማ

በበረዶ ሜዳው ሱቅ፣ ኬንድራ ስለታቸው ሊሳል የመጡትን የበረዶ መንሸራተቻ ጫማዎች ከባንኮኒው ላይ ስታነሳ ውስጣቸው የተጻፈውን ስም አየች። ማካስኪል ይላል።

ቀና ብላ ከባንኮኒው ማዶ የቆመውን የጫማውን ባለቤት አየችው። ወፍሯል፣ ፀጉሩም ሳስቷል። ሳቁ ግን አባቷ በተጎዳበት ጨዋታ አሮጌ ቪዲዮ ላይ እንደምታየው ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህን ፊት ስትጠላ ኖራለች።

«ቶሎ ትስይልኛለሽ? ጨዋታው ሊጀመር ነው» አላት ሎርን። «አንቺ የዳሪል ልጅ ነሽ አይደል? አገጭሽ ቁርጥ እሱን! ጉልበቱ እንዴት ሆነለት? አሁንም ያነክሳል?»

«ደህና ነው» አለች በደረቁ።

«አይዞሽ፣ ዛሬ ሜዳ ላይ አዝንለታለሁ» ብሎ እየሳቀ ወጣ።

ያዝንለታል አሉ!

አባቷ ዳሪል ፌዶሩክ አሥራ አንድ ዓመት በተከላካይነት እንጀራውን የበላ የበረዶ ላይ ሆኪ ተጫዋች ነበር። በዚያ ሁሉ ዓመት ያገባው ጎል ዘጠኝ ብቻ ነው። አራት ጥርሱ ረግፏል፣ አፍንጫው ሁለት ጊዜ ተሰብሯል። እሱ ቆሞ እያለ ግን በረኛውን ደፍሮ የሚነካ አልነበረም። ከዘጠኝ ዓመት በፊት አንድ ቀን የሜዳው አጥር ጥግ ጎንበስ እንዳለ ሎርን ከኋላው መጥቶ ጉልበቱን መታው። ሎርን ሁለት ደቂቃ ብቻ ተቀጥቶ ወደ ሜዳ ተመለሰ፤ አባቷ ግን ዳግመኛ ለክለብ አልተጫወተም። አሁን እዚሁ ዌይማን ከተማ የበረዶ ሜዳውን የሚያለሰልሰውን መኪና ይነዳል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ የተወጋው ልጅማ ጭራሽ አትረሳም።

በየክረምቱ የዌይማንና የጎረቤቱ ከተማ አንጋፋ ተጫዋቾች ይጋጠማሉ። ሎርን ዘንድሮ ወደዚያ ከተማ ስለተዛወረ ከእነሱ ጋር መጣ። የሁለቱንም ቡድን ጫማ የምትስለው ደግሞ ኬንድራ ናት።

የጫማው ብረት የውስጥና የውጭ ስለት አለው። ቀኙን በደንብ ሳለችው። ግራውን ከሳለች በኋላ ግን ድንጋይ አንስታ የውስጡን ስለት እንዲደንዝ ሦስቴ ፈተገችው። ሳንቲም ስታጋድምበት ተዛነፈ፤ አንዱ ስለት ሞቷል ማለት ነው። ሎርን በፍጥነት ሲታጠፍ እግሩ ይከዳውና አጥሩ ላይ ይላተማል።

«ይበለው» አለች።

በሩ ተከፈተና አባቷ ማሊያውን ለብሶ እያነከሰ ገባ።

«መጣ አይደል?» አላት።

«መጣ። ጫማው እኔ ጋ ነው። ያዝንልሃል አሉ፣ አባዬ።»

አባቷ ፈገግ አለ፤ ደስ የሚል ፈገግታ አልነበረም። «ይዘንልኝ። እኔ ሰው ከኋላ መትቼ አላውቅም፣ ዛሬም አልመታም። ፊት ለፊት፣ ዓይን ዓይኑን እያየሁ፣ በትከሻዬ አንድ ጊዜ ብቻ። ማን እንደመታው እንዲያውቅ እፈልጋለሁ።»

«የአንጋፋዎች ጨዋታ እኮ ነው፣ መምታት ክልክል ነው።»

«ያባርሩኛ!» አለና ጉልበቱን እያሻሸ ወጣ።

ኬንድራ የሎርንን ግራ ጫማ እንደያዘች ቆማ ቀረች። ሰውዬው በራሱ ተንሸራቶ ገና በመጀመሪያው ደቂቃ በቃሬዛ ከወጣ፣ አባቷ ማንን ሊመታ ነው? ዘጠኝ ዓመት የጠበቀውን ልትነጥቀው ነው። እሷም ብትሆን አሁን የመጣችው ከኋላ ነው። አፈረች፤ ንዴቷ ግን አልበረደም።

ማሽኑን አስነሳች። ግራውን ጫማ እንደገና፣ ቀስ ብላ፣ እስከዛሬ ለማንም ስላ በማታውቀው ጥንቃቄ ሳለችው። ሳንቲሙ ቀጥ ብሎ ተኛ።

ሎርን ተመልሶ መጣና ስለቱን በአውራ ጣቱ ነካ አደረገው። «እንዴ፣ እንደ ምላጭ አድርገሽዋል! ለኔ ይሄን ያህል?»

«አዎ፣ ለእርስዎ» አለችው። «አሁን ጫማዬ ነው የጣለኝ አይሉም።»

ሳቁ በግማሽ ቀረ። ጫማውን ይዞ ሲወጣ በሩ ላይ አንድ ጊዜ ዞር ብሎ አያት።

ገና ያልሳለቻቸው ስድስት ጫማዎች ባንኮኒው ላይ ተደርድረዋል። ኬንድራ ማሽኑን አጥፍታ ሱቁን ቆለፈች፤ ከዚያም አባቷ በሚከላከልበት በኩል ሄዳ ሜዳውን ከከበበው መስታወት ሥር ቆመች።