ሁለት ስም ያላቸው በሽተኛ

የታመሙት እሜቴ ዙፋን፤ የተጣላው ግን ሌላው ሁሉ። ልጃቸው ያርጋል ይፎክራል፣ ጎረቤት ይፈርዳል፣ ጤና ጣቢያው ይሰበሰባል፤ «እርስዎስ ምን ይላሉ?» ያላቸው አንድ ሰው አልተገኘም። አሮጊት ሁሉ አፉ ተመርጎ ጥግ የቆመ ጎታ ይመስላቸዋል። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ጆሮም የለው! የገዛ ሕመማቸውስ ይቅር፤ የልጅ ልጃቸው አገርነሽ በማን ፍቅር እንደተያዘች ከራሷ ከአገርነሽ ቀድመው ያወቁት እሳቸው ነበሩ።

አገርነሽ ደባርቅ ከተማ፣ «ላይ በር» በሚባለው ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ትሠራለች። የኮሶዬ መንደሩ ልጅ ዳኘው ደግሞ የወረቀቱን ካርድ ወደ ኮምፒውተር ሊያዛውር የመጣ ነው። እሜቴ ዙፋን አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጉልበታቸውን ሊያሳርፉ ጎራ ብለው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

«ይሄ ሲስተም የማን ነው?» ትለዋለች አገርነሽ፣ የካርድ አቧራ እያራገፈች።

«የማንም። የሁሉም።»

«እሱማ የመንገድ ዳር ውሻም እንደዚያው ነው።»

ሳቀ። «አልተቆለፈም ማለቴ ነው። ውስጡ ተከፍቶ ይታያል። ለኛ አገር ያልተስማማውን እኛው እዚሁ እናስተካክላለን፤ ፈቃድ የምንለምነው ጌታ የለብንም።»

«ሲታመምስ ማን ያክመዋል?»

«እኔና አንቺ።»

 አገርነሽ ካርድ የምትፈልግ መስላ ባዶውን መደርደሪያ ትዳብስ ጀመር። እሜቴ ዙፋን እጇን ተከትለው አዩ። «በቃ፣ ይቺ ልጅ ሄደች» አሉ በልባቸው።

ዳኘው ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ሊልክ ቃል ገባላት። ፋሲካ ሳይደርስ ግን ነገር ተበላሸ።

ለእሜቴ ዙፋን አባታቸው ያወጡላቸው ስም ደርቤ ነው። ደባርቅ ሲዳሩ አማታቸው፣ እንደ አገሩ ወግ፣ «ዙፋን» አሏቸው፤ ስሙም ጸና። ባላቸው ሲሞቱ ዳባት ከተማ፣ ወንድማቸው ዘንድ ከረሙ። እዚያ የሚያውቃቸው ሁሉ ደርቤ ነው የሚላቸው፤ የደም ግፊት ኪኒንም የታዘዘላቸው በደርቤ ስም ነው። ዳኘው የዳባቱንና የደባርቁን ጤና ጣቢያ በአንድ ሲስተም አገናኝቶ ነበር። ያርጋል እናቱን ወደ ደባርቅ ከመለሳቸው በኋላ አንድ ቀን አመማቸውና ጤና ጣቢያ ሲሄዱ አገርነሽ «ዙፋን» ብላ ፈለገች። ሲስተሙ «የለችም» አላት። እንደ አዲስ በሽተኛ መዘገበቻቸው።

ሐኪሙም ለጋ ነው፤ ቀና ብሎ «ሌላ መድኃኒት ይወስዳሉ?» ብሎ ጠየቀ። ማንን? አገርነሽን! በሽተኛዋ ፊቱ ተቀምጠው!

«አይ፣ አይወስዱም» አለች።

እሜቴ ዙፋን ከንፈራቸውን ነከሱ። ላልጠየቃቸው አይመልሱማ! አዲሱን የግፊት ኪኒን ከአሮጌው ደራርበው ዋጡና ቅዳሜ ገበያ መሃል፣ ጌሾ ሻጮቹ ፊት፣ ተዘረሩ።

«እናቴን የገደለው ማሽን የማን ነው?» ብሎ ያርጋል ዱላውን ይዞ ጤና ጣቢያው ደጅ ቆመ።

«አልሞትኩም» አሉ አልጋ ላይ ሆነው። ማን ሰምቷቸው!

ስብሰባ ተጠራ። ያርጋል አቤቱታ አቀረበ። ዳኘው ተነስቶ፣ «ጥፋቱ የሲስተሙ ነው፤ ሲስተሙን ያመጣሁት እኔ ነኝ» አለ። አገርነሽ ከኋላ ቆማ አንገቷን ደፋች። የጤና ጣቢያው ኃላፊ ተክለ ማርያም ሥራው ይቁም፣ የሚሸጠውን ሲስተም ከከተማ እናስመጣለን ብሎ ፈረደ። ያርጋልም ቤቱ ገብቶ፣ «ያ ልጅ ሽማግሌ ቢልክ ውሻ እለቅበታለሁ!» ብሎ ማለ።

ከዚያ ወዲያ አገርነሽ እህል አልቀምስ አለች። ሰው ሁሉ ለአያቷ አዝና መሰለው።

ዳኘው ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥሎ ሊጠይቃቸው ቤት መጣ። ያርጋል አለመኖሩን አይቶ ነው የገባው፤ ደፋር ነው እንጂ ጅል አይደለም።

«እግዜር ይማርዎ፣ እማማ።»

«ምሮኛል፤ ተቀመጥ። ልትገድለኝ ነበር አሉ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ውሸት ነው!» አለች አገርነሽ ከጓዳው በር።

«አገሬ፣ ተይ» አላት ዳኘው።

«ለምን እተዋለሁ? የመዘገብኳቸው እኔ። አይወስዱም ያልኩ እኔ። የገዛ አያቴን ስም ሳላውቅ!»

«ከሥራ ያስወጡሻል።»

«አንተን አስወጡህ አይደል?»

«እኔ መካነ ብርሃን ጤና ጣቢያ እሄዳለሁ። እዚያ ካርዱን ምስጥ እየበላው ነው፤ ይፈልጉኛል።»

«እኔስ አልፈልግህም?»

ዳኘው ጫማውን አየ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። እሜቴ ዙፋን አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አዩ። አሃ! ልጁ በስብሰባው መሃል የተሸከመው ሸክም የራሱ አልነበረም።

ዳኘው ወደ እሳቸው ዞረ። «እማማ፣ ስምዎን ሁሉ ይነግሩኛል?»

ደንገጥ አሉ። ጠየቃቸው እኮ! ነገሩት፤ የአባት ቤቱንም፣ የአማት ቤቱንም። ያገባች ሴት ሁሉ እንዲሁ ናት፣ እንኳን እኔ ጎረቤቴ ባንቻየሁም ሌላ ስም ነበራት አሉት። ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ ከፍቶ ሲነካካ ቆየ። ብርቱካኑ ተልጦ ተበላ። ከዚያ «ደርቤ» ብሎ ጻፈና ለአገርነሽ አሳያት፤ ዙፋን የሚለው ስምም፣ ሁለቱም ኪኒኖች አንድ ላይ ወጡ።

«የተቆለፈው ቢሆን ይቺን የሁለተኛ ስም ቦታ ለመጨመር ስንት ወር ደጅ በጠናን» አለ፤ ድምፁ ግን ደስታ አልነበረውም።

«ታዲያ ለተክለ ማርያም አታሳየውም?» አሉ እሜቴ ዙፋን።

«አይሰማኝም። የጋሽ ያርጋል አቤቱታ አለብኝ።»

በሩ ተበረገደ። ያርጋል ነው፤ ጋቢው ዝናብ ያንጠባጥባል። ዳኘውን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። «አንተ ምን ልትሠራ...»

«አባዬ!» አገርነሽ በመሃል ገባች።  «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። እሱ ለኔ ሲል ነው የተዋረደው።»

ያርጋል ሴት ልጁን አየ፣ ዳኘውን አየ፣ ወደ እናቱ ዞረ። «እናቴ፣ ምን እየተባለ ነው?»

እሜቴ ዙፋን ብርድ ልብሱን ገፈው ቁጭ አሉ።

«አሁን ጠየቅኸኝ? እንግዲህ ስማ። የተጎዳሁት እኔ ነኝ፤ የታረቅሁትም እኔ ነኝ። ልጅህ ልጅ ናት፣ ተሳሳተች፤ ይሄ ደግሞ ጥፋቷን በራሱ ላይ ተሸክሞ መንገድ ሊወጣ ነው። እንዲህ ያለ ባል ለሷ ከየት ልታመጣ ነው፣ ከዛሪማ ገበያ? ነገ በጠዋት ተክለ ማርያም ዘንድ ሄደህ አቤቱታህን ታነሳለህ፤ እናቴ ምራለች ትላለህ። እሑድ የዚህ ልጅ ሽማግሌዎች ይመጣሉ፤ ውሻውን አስረህ፣ ተነስተህ ትቀበላቸዋለህ። አትየኝ! እሺ በል። አሁን፣ ልጆቹ ፊት፣ እየሰማሁህ እሺ በል!»