የባቅላቫ ስም ያመጣው ሞት

መምህር ሪፋት የሞቱት ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ነው። ፊታቸው ባዶ የሻይ ብርጭቆና የተገመጠ ባቅላቫ፣ ያ በሽሮፕ የራሰ ድርብርብ ጣፋጭ፣ ነበር። ባቅላቫ ስሙን ከየት እንዳገኘ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲመራመሩ ኖረው፣ በማግስቱ ለከተማው ሊናገሩ ቀጠሮ ነበራቸው። የአንቴፕ ከተማ ሬሳው ሳይነሳ ፍርዷን ሰጠች፤ ባቅላቫውን መርዞ የገደላቸው ጋጋሪው ዙልኩፍ ነው። ዐቃቤ ሕጉም ከመምሸቱ በፊት ይታሰር አለ።

ኢንስፔክተር ሳቢሃ ግን «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የምትል ሴት ናት። የሟቹን አፍ ከፍታ አየች። ፍርፋሪ የለበትም፤ የላይ ጥርሳቸውም ሰው ሠራሽ ነው። ቀጥላ ባቅላቫውን አገላበጠችው። የላይ ጥርስ ሰፊ ምልክት ያረፈው ሽሮፕ በጠጣው ሥሩ ላይ ነው፤ ተገልብጦ ተገምጧል ማለት ነው። የሟቹን እህት ጠራች።

«እትዬ ሙነቨር፣ ወንድምዎ ባቅላቫ ሲበሉ እንደኛ እንደ አንቴፕ ሰው ይገለብጡታል?»

እህትየው እንባዋን ጠረገች። «የት አባቱ! እንደ ባዕድ ሳይገለብጥ ነው የሚበላው። ሥሩ ላንቃው ላይ ሲጣበቅ ጥርሱን ይነቅልበታላ። ስለሚያፍር ሰው ፊት አይበላም።»

«ይህን ማን ያውቃል?»

«እኔና ዙልኩፍ። ጓዳ አስገብቶ ያበላው ነበር።»

ከቀትር በኋላ ያን ጠዋት ቤቱ የገቡትን ሦስቱን ሰበሰበች፤ ሙነቨርን፣ ዙልኩፍንና የጋጋሪዎች ማኅበር ሊቀመንበሩን ሚትሃትን።

«መምህሩ ባቅላቫውን አልቀመሱትም፤ አፋቸው ፍርፋሪ የለበትም። መርዙ የነበረው ሻዩ ውስጥ ነው» አለች ሳቢሃ። «ባቅላቫውን ገዳዩ ራሱ ገምጦ አስቀመጠው፣ ጋሽ ዙልኩፍን ለማስወንጀል።»

«ራሱ ዙልኩፍ ቢሆንስ?» አለ ሚትሃት ፈገግ ብሎ።

«እሳቸውም እትዬ ሙነቨርም መምህሩ ሳይገለብጡ እንደሚበሉ ያውቃሉ። የገመጠው ሰው ግን አላወቀም። እንደ ማንኛውም የአንቴፕ ልጅ ገልብጦ፣ ሥሩን ወደ ላንቃው አድርጎ ገመጠ። የቀሩት እርስዎ ነዎት፤ ጥርስዎን ከንክሻው ጋር እናስተያያለን።»

የሚትሃት ፈገግታ ከፊቱ ጠፋ።

«የባቅላቫ ስም የወጣው ከኛ ሰፈር ነው ብዬ ለአገር ምድሩ አውርቻለሁ» አለ በመጨረሻ። «ለዚሁ ያሠራሁት ሐውልት ነገ ይመረቃል። አዎ በል ብዬ ለመንኩት። እሱ ግን ‹ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ የሚያውቅም የለም› አለኝ። በሰው ፊት ሊያዋርደኝ!»

ዙልኩፍ ፊቱን በመዳፉ ሸፍኖ አለቀሰ። ሙነቨር ግን ሚትሃትን ትክ ብላ አየችው።

«ዕድሜውን ሙሉ የፈለገው የስሙን ምንጭ ነው» አለች። «አላውቅም ማለት ካንተ ይልቅ እሱን ነበር የሚያመው።»