ዜሮን ያወረደ እጅ

ሬሳው ቆዳ ከሚነከርበት የኖራ ጉድጓድ ወጥቶ በላስቲክ ተሸፍኗል። መርማሪዋ ትንፋሿን ዋጥ አደረገች። የቆዳ ፋብሪካ ሽታ መቼም ሽታ ነው፤ የዚህኛው ግን ዓይን ያቃጥላል። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ፣ ዓይን አውጣ፣ ሬሳው አጠገብ ቆሞ ሳንድዊች ይገምጣል።

«ገዳዩ ያውላችሁ» አለ በአገጩ እየጠቆመ። «የቆዳ ማንሻውን ቅርጫት የገዛ ወንድሙ ላይ አወረደበት። ዛሬ ጠዋት እኮ ከሥር ሰው ካለ እጀታውን እንዳትለቅ ብዬዋለሁ! ሰሚ የለም።»

ማንሻውን የሚነዳው ወጣት በካቴና ታስሮ ግድግዳ ተደግፏል።

«ምን ተፈጠረ ወንድሜ?» አለችው።

«ኖራው ዓይኔን ሲያቃጥለኝ ልጠርግ ብዬ እጀታውን ለቀቅኩት። ስለቀው እኮ ሁሌም ይቆማል! ዓይኔን ስገልጥ ቆዳ የሞላው ቅርጫት ወንድሜ ላይ ወርዷል። እናቴን በምን ዓይኔ አያታለሁ?»

ማንሻው በኮምፒውተር ነው የሚታዘዘው። ፕሮግራሙን የጻፈው ባለሙያ ተጠርቶ በላብ ተጠምቆ ደረሰ።

«እጀታው ቁጥር ይልካል» አለ። «ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ ከዜሮ ከበለጠ ፕሮግራሙ ፖዘቲቭ አንድ ያደርገዋል፤ ቅርጫቱ ይወጣል። ካነሰ ኔጌቲቭ አንድ፤ ይወርዳል።»

«ዜሮ ሲሆንስ?»

«ሲለቁት ማለት ነው። ዜሮ ዜሮ ሆኖ ይቀራል፤ ይቆማል። እኔ ከተከልኩት ወዲህ አልነካሁትም። ኮምፒውተሩ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ነው፤ የይለፍ ቃሉም እሳቸው ጋ ነው።»

መርማሪዋ ሁሉንም ማንሻው ጋ ሰበሰበቻቸው። ባዶውን ቅርጫት ሽቅብ አወጣችና እጀታውን ለቀቀችው። ቅርጫቱ አልቆመም፤ ቁልቁል ወረደ።

«አያችሁ? አንድ ሰው ዜሮንም ኔጌቲቭ አንድ እንዲሆን አድርጎታል። ለቀቅከውም አወረድከውም ያው ሆኗል። ይህን የሚያውቀው የለወጠው ሰው ብቻ ነው።» ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረች። «ሲለቁት የሚቆም ነገር ከሆነ፣ ዛሬ ጠዋት ‹እንዳትለቅ› ማለትን ከየት አመጡት?»

ማኘኩን አቆመ።

«አየር ላይ ቆሞ ሲንጠባጠብ ሥራ ይጓተታል። ሲለቁት ራሱ ይውረድ ብዬ ነው ትናንት ማታ የለወጥኩት። አስጠንቅቄያለሁ እኮ!»

«ምክንያቱን ነግረውታል? ከሥር ለነበረው ወንድሙስ?»

«ለቆዳ አጣቢ ሁሉ ሳስረዳ ልዋል?»

«ቱ!» አለች መርማሪዋ። እንዲህ ያለ ሰው ይዛ ብታውቅም እንዲህ ቀፏት አያውቅም። ካቴናውን ከወጣቱ እጅ ፈትታ ሥራ አስኪያጁ እጅ ላይ ቆለፈችው።

ወጣቱ መዳፎቹን ገልበጥ አድርጎ አያቸው።

«እኔ አይደለሁማ የገደልኩት?»

«አይደለህም። አንተ ቁም ነው ያልከው።»

ያኔ ነው «ወንድሜን!» ብሎ መጮህ የቻለው።