ጥቁሯ ለምን ቀለለች

እጁ ከጥቁሯ መኪና ወንበር ስር ገብቷል። የነጋዴው ጠባቂዎች ጀርባውን እያዩት ነው።

«ቶሎ በል እንጂ!» አለ አንዱ።

«መጣሁ፣ መጣሁ! አሸዋ እኮ ነው፣ ላባ መሰለህ?»

ጣቶቹ የብረት ሣጥኑን አገኙት። መጠኑ ከጡብ አይበልጥም፤ ክብደቱ ግን ጉድ ነው። ስቦ አወጣውና ከመፍቻ ቦርሳው ተመሳስሎ የተሠራ መንታውን አውጥቶ በቦታው ተካ። መንታው ቀለል ያለ መሰለው። ለማሰብ ጊዜ አልነበረም። እውነተኛውን ሣጥን ቀድሞ ባጎደለው የአሸዋ ከረጢት ውስጥ ቀበረው፣ አፉን አሰረ፣ ተሸከመና ቀና አለ።

ማንም አላየውም።

የምስጢር ስሙ «ጎረቤት» ነው። እዚህ ግን የቀይዋ መኪና መካኒክ ነው፤ ዓመት ሊሞላው ነው። ሣጥኑ ውስጥ ከጦር መጋዘን ተሰርቆ የወጣ የሚሳይል መምሪያ፣ ሚሳይሉን ወደ ዒላማው የሚመራ መሣሪያ፣ አለ። የጥቁሯ ባለቤት፣ የጦር መሣሪያ ነጋዴው፣ ዛሬ መኪናዋን ከነሸክሟ ድንበር ሊያሻግራት ነው። መምሪያው ከተሻገረ ምንም የማያውቅ ሕዝብ ያልቃል። የዛሬው ግጥሚያ ለነጋዴው ሽፋን ነው፦ ሁለት ባለሁለት በር የስፖርት መኪኖች፣ አንድ የተተወ የአውሮፕላን ማኮብኮቢያ፣ አንድ ጥያቄ። ከቆመችበት ቶሎ የምትፈተለከው የትኛዋ ናት?

የግጥሚያውን ሕግ ያወጡት የቀይዋ ሾፌር ናቸው። ፍሬን መርገጥ አይወዱምና ሠራተኛው «ጋሼ ፍሬን» ይላቸዋል። ሾፌሮቹ በሁለተኛው ዙር መኪና ይለዋወጣሉ። እሳቸው ሆዳቸው እንደ በርሜል ነው፤ የነጋዴው ሾፌር ደግሞ ክር ነው። ስለዚህ ክሩ በገባበት ሁሉ ማካካሻ አሸዋ አብሮት ይገባል። ከረጢቱን ከመኪና መኪና የሚያዛውረው መካኒኩ ነው። «ጎረቤት» ወደ ጥቁሯ መኪና የገባው በዚህች ቀዳዳ ነው።

ቀዳዳዋን የከፈቱለት ሳያውቁ ጋሼ ፍሬን ናቸው። የሚያድረውም እሳቸው ጓሮ፣ በነጻ በሰጡት ክፍል ነው። ሚስታቸው እትዬ ልብሱን ያጥቡለታል። ማታ ማታ ይህን ሲያስብ እንቅልፍ እምቢ ይለዋል።

ከረጢቱን ቀይዋ ውስጥ አስቀመጠ። የሁለተኛው ዙር መነሻ ባንዲራ ወደቀ።

በመጀመሪያው ዙር ቀይዋ በአፍንጫ ቀድማ ነበር። አሁን ግን ጋሼ ፍሬን የያዟት ጥቁሯ ጎማዋ ጮኸና ቀይዋን ጥላት ሄደች። ጋሼ ፍሬን ከጫፍ ዞረው ተመለሱ፣ እያለከለኩ ወጡ፣ እንደ ልጅ እየሳቁ።

«ኧረ ጉድ! ይቺ መኪና ቀልላለች! ይሄን ሁሉ ሆድ ተሸክማ ከቅድሙ ፈጠነች! ሰዓቱን እዩልኝ!»

ሰዓት ያዡ አየ። «እውነትዎን ነው ጋሼ። የቀይዋ እንደ ቅድሙ ነው፤ የጥቁሯ ግን ፈጥኗል።»

ነጋዴው መሳቁን አቆመ።

ሰውየው ቂል አይደለም። መኪና ያለ ምክንያት አይፈጥንም። ወደ ጥቁሯ ሄደ፣ ጎንበስ አለ፣ ሣጥኑን አወጣ። በእጁ ከፍ ዝቅ አደረገው።

«ወንበሩን የነካው ማነው?»

ሽጉጦች ወጡ።

የፈሩት ይደርሳል። ጋሼ ፍሬን የነጋዴውን እጅ አዩ። ቀይዋ ውስጥ ያለውን ከረጢት አዩ። ከዚያ የመካኒካቸውን ፊት አዩ።

ገባቸው።

አሁን መናገር ነበረበት። «እኔ ነኝ» ቢል መምሪያው ይመለሳል፣ ያ ሁሉ ሰው ያልቃል፤ ኋላ ለራሱ የነገረው ይሄንን ነው። እውነቱን እናውራ ከተባለ ግን ፈራ። መሞት ፈራ።

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሼ ፍሬን።

«አንተ?» አለ ነጋዴው።

«አዎ፣ እኔ። ሌላ የሚገዛ አገኘሁ። ቅድም ስዞር በመስኮት ወርውሬዋለሁ፤ ያውና፣ ከማኮብኮቢያው ጫፍ ሣሩ ውስጥ ነው። ሂዱና ፈልጉ።»

ጠባቂዎቹ ሮጡ። ነጋዴው የሽማግሌውን ኮሌታ ጨመደደ። ጋሼ ፍሬን በዚያ ሁኔታ ላይ ሆነው መካኒካቸውን ተቆጡ።

«አንተስ ምን ይገትርሃል? አሸዋህን ተሸከምና ወደ ጋራዥ ሂድ! እትዬንም ለምሳ እንዳትጠብቀኝ በላት።»

ተሸከመ። ሄደ።

ዞር ብሎ አላየም። በሩን ሲወጣ ጥቁሯ ስትነሳ ሰማት፤ ሽማግሌውን ይዛ ነው የሄደችው።

አለቃው አውቶቡስ ተራ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ጋዜጣ ዘርግቶ ጠበቀው። የምስጢር ስሙ «ዘመድ» ነው። ከረጢቱን በእግሩ ወደ ራሱ ሳበው።

«ጎበዝ።»

«መንታው ይቀላል።»

«አውቃለሁ።»

«እኩል ነው ብለህ ምለህልኝ ነበር!»

«ድምፅህን ቀንስ። ነጋዴው ቤት ውስጥ ከአንተ የሚበልጥብኝ ሰው አለ። ሣጥኑ ኋላ ጠፍቶ ቢገኝ የሚጠረጠረው እሱ ነበር። እዚያው ሜዳ ላይ አንድ ሰው መያዝ ነበረበት።»

«እኔ።»

«አንተ ስትያዝ አሸዋውን የሚያወጣ ሌላ ሰው አዘጋጅቼ ነበር። ሰውን ማመን ቀብሮ ነው ሲባል አልሰማህም?»

«ሽማግሌውን አስለቅቅልኝ። እግርህ ላይ ልውደቅ!»

«የትኛውን ሽማግሌ?» ጋዜጣውን አጠፈ። «እኛ እኮ እዚያ ሜዳ አልነበርንም።»

አዲስ መታወቂያ ጉልበቱ ላይ ጣለለትና ተነሳ።

አሁን «ጎረቤት» ሌላ ከተማ፣ የዱቄት መጋዘን ውስጥ ጆንያ ይሸከማል። መምሪያው ወደ ቦታው ተመልሷል። ያ ሕዝብ ተርፏል፤ መትረፉንም አያውቅም። የጋሼ ፍሬን ሬሳ እንኳ አልተገኘም። እሱ ግን ወሬ ሰምቶ እንዳልሰማ ነው የሚኖረው።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት እግሩ ወደ ስልክ ቤት ወሰደው። ደወለ።

«ሃሎ?» አሉ እትዬ።

ጋሼ ፍሬን የላኩትን አንዲት መልእክት ሊያደርስ ነበር። አፉን ከፈተ። ትንፋሹ ብቻ ወጣ።

«አንተ ነህ ልጄ? በደህና ነህ? የት ጠፋችሁብኝ? ጋሼህ አብሮህ ነው?»

ስልኩን ጆሮው ላይ አጥብቆ ያዘ።

«እሺ፣ አትናገር፣ ሥራ በዝቶባችሁ ነው። ብቻ ኑ። ምሳ ሳልበላ እየጠበቅኳችሁ ነው።»

ስልኩን ዘጋ። ወደ መጋዘኑ ተመለሰ፣ ጎንበስ አለ። ሁለት ሰዎች ጆንያ አሸከሙት።