ስም ያልተጠራበት ሐረግ

በዘርማት መንግሥት፣ በንጉሥ አውጋዝ ዙፋን ላይ፣ አንድ ማለዳ ወይን ጠጅ አበባ ፈንድቶ ተገኘ። አበባው የወጣበት ሐረግ ከቤተ መንግሥቱ የመድኃኒት አትክልት ተነሥቶ፣ ጤናዳሙን አንቆ፣ ዳማከሴውን ደፍጥጦ፣ ግንብ ዘልሎ ነው የመጣው። ከተማው ውስጥ ንዳድ ገብቷል። መድኃኒቱ አለቀ ማለት ሕዝቡ አለቀ ማለት ነው።

በዘርማት ሰው ሲተክል ጉድጓዱ ላይ ጎንበስ ብሎ የራሱን ስም ይናገራል። ስም ያልተጠራበት ተክል ባለቤት የለውም፤ ባለቤት የሌለው ደግሞ ልክ አያውቅም። ዘግይቶ ስሙን የጠራ ተካይ ተክሉን መንቀል ይችላል፤ የተከለበት እጁ ግን አብሮ ይደርቃል።

«ማን ተከለው?» አለ ንጉሡ።

የአትክልቱ ጠባቂ ወጣቷ ሰልሚት ከተሰበሰበው ሕዝብ መካከል ቆማለች። የሐረጉን ቁራጭ ከጭጋግ ገደል ሰርቃ ያመጣችው እሷ ነበረች። አበባው አምሯት፣ ከሌሎቹ ጎን በእንጨት አስደግፌ፣ እየከረከምኩ አሳድገዋለሁ ብላ ነው። ሐረግ መትከል ክልክል ስለሆነ ስሟን ሳትጠራ ቀበረችው።

«ሥሩ ወደ መጣበት ገደል ተመልሷል አሉ። እኔ ሄጄ እነቅለዋለሁ፤ በአባቶቼ አፈር እምላለሁ» አለች በመጨረሻ።

ሕዝቡ እልል አለላት። እልልታው ከጥፊ የባሰ ነበር።

ሰይፈኛው ጋርዳንና አትክልት ያስተማረቻት አሮጊቷ እትዬ ምጥን ተከተሏት። ሦስት ቀን ተጓዙ።

«ስንመለስ ሐውልት ያቆሙልሻል» አለ ጋርዳን። «እኔን እግርሽ ሥር ትንሽ አድርገው ቢቀርጹኝ ይበቃኛል።»

ሰልሚት ስንቋን ቋጥራ ተነሣች።

ገደሉ ሥር ጋርዳን ሰይፉን መዘዘ። አንዱን ሲቆርጥ ሁለት በቀለ። ሐረጉ አንገቱ ላይ ተጠመጠመ፤ ፊቱ ጠቆረ።

«መደገፊያው እንጨት ላይ ያለውን ቋጠሮ አይቼዋለሁ፤ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ» አለች እትዬ ምጥን ቀስ ብላ። «እስክትናገሪ ነበር የጠበቅሁሽ፣ ልጄ።»

ሰልሚት ተንበረከከች። «እኔ የኤርማዝ ልጅ ሰልሚት ተክዬዋለሁ። ሰርቄ፣ ደብቄ፣ ለአበባ ብዬ።»

ሥሩን ይዛ ሳበች። ሐረጉ ከገደሉ እስከ ዙፋኑ ጠወለገ። ቀኝ እጇም እስከ ትከሻዋ ደርቆ እንደ ጭራሮ ቀረ።

ጋርዳን አንገቱን እያሻሸ ተነሣ። ስለ ሐውልቱ ዳግም አላነሳም። የከተማው በር ላይ ሕዝቡ ሲታይ ግን ኩታውን አውልቆ እጇን ሊሸፍንላት ተጠጋ።

«ተወው» አለችው። «አንዴ ሸፍኜ የሆነውን አይተሃል።»