የታመሙት አባቴ ባቡር

እውነቱን ልናገር፤ አባቴን አልጋ ላይ የጣልኳቸው እኔ ነኝ። ምንም ሳይነካቸው፣ በአፌ ብቻ።

ሠላሳ የሞላኝ ልብስ ሰፊ ነኝ። አንድ የመጫወቻ ባቡር መሸጫ ሱቅ መስኮት ላይ አንዲት ትንሽ ባቡር ስትዞር አየሁና እግሬ ይዞኝ ገባ። ሻጩ፣ ረጋ ያለ ወጣት፣ «ለማን ነው?» ሲለኝ ጉዴ ፈላ። ለራሴ ማለት አፈርኩ።

«ለአባቴ። ታመው ተኝተዋል» አልኩ። ምላሴን በቆረጠው!

«ይማርልሽ። ለጀማሪ አንድ ክብ ሐዲድ ይበቃል፤ ሲለምዱ ይጨምራሉ።»

ከዚያ በየቅዳሜው ተመላለስኩ። ድልድይ ገዛሁ፣ ከጣቴ የማይበልጡ ቤቶች ገዛሁ። «አባትሽ እንዴት ሰነበቱ?» ሲለኝ ዓይኑ ዓይኔ ላይ ይቆያል፤ እኔ ወለሉን አያለሁ። ወድጄዋለሁ። በወደድኩት ቁጥር ውሸቴ ከበደኝ።

አንድ ቀን ባቡሯ አልሄድ ብላ ጎማዋ ብቻ ባለበት ተሽከረከረ። ወሰድኩለት። ጎማዋን ነካ አድርጎ ጣቱን አሸተተ።

«የስፌት መኪና ዘይት! ሐዲዱን ቀብተውታል እንዴ?»

አዎ፣ ቀብቼዋለሁ! የስፌት መኪናዬ ሲጮህ እንደማደርገው፣ ሐዲዱን ዳር እስከ ዳር። እንደሚያንሸራትት በምን አውቄ።

«አባቴ ናቸው» አልኩ ድምፄ እየጠፋ።

«የእኔም አባት እንዲሁ ነበሩ። በሞቱበት ሳምንት እንኳ እጃቸው አላረፈም። ባቡሯን ጠግኜ ቤት አመጣታለሁ፤ እግረ መንገዴን እጠይቃቸዋለሁ።»

«ኧረ አትድከም!» ብል ማን ሰምቶኝ። አድራሻዬ የጥገናው ደረሰኝ ላይ አለ።

በማግስቱ ብርቱካን አንጠልጥሎ መጣ። በሩን የከፈቱለት አባቴ ናቸው፤ መሰላል ተሸክመው።

«የታመሙትን አባት ልጠይቅ ነበር።»

«የማንን አባት?»

እኔ የጨርቅ መቁረጫ ጠረጴዛዬ ሥር በሆዴ ተኝቼ ሐዲድ እጠርጋለሁ። አየኝ። አልሳቀም፤ ቢስቅ ይሻለኝ ነበር።

«ለአንቺ ነበር?»

«አፍሬ ነው። ትልቅ ሴት በባቡር ስትጫወት...»

«ያፈርሽበት እኮ የእኔ ሥራ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ለአባትሽ ደግሞ ከልቤ ነበር የተጨነቅኩት።» ባቡሯንና ብርቱካኑን አስቀምጦ ወጣ።

«እኔን ገድለሽ መቅበር ብቻ ነው የቀረሽ» አሉ አባቴ።

ሳምንቱን ሙሉ መርፌው ጣቴን ሲወጋኝ ከረመ። ቅዳሜ ሄድኩ። ሱቁ ጢም ብሏል፤ ልብስ የምሰፋላቸው ሁለት ደንበኞቼም አሉ። ልመለስ ብዬ ነበር።

«የመንገድ መቀየሪያ ሐዲድ እፈልጋለሁ» አልኩ ጮክ ብዬ። «ለራሴ። ወለል ላይ ተኝቼ የምጫወተው እኔ ነኝ፤ ዘይት የቀባሁትም እኔ። ስለ አባትህ ከልብህ ስታጫውተኝ ዋሸሁህ። ይቅር በለኝ።»

ሰው ሁሉ ዞረ። እሱ ሐዲዱን ከመደርደሪያው አወረደ፣ ጠቀለለ።

«ከሰዓት መጥቼ አብረን እንዘረጋዋለን» አለ። «አባትሽ ይህ ሰው ምንሽ ነው ካሉሽ ግን እንዳትዋሺ።»

«ምን ልበላቸው?»

«የሚወደኝ ሰው ነው በያቸው» አለና፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በተራው አንገቱን ደፋ።