የቆቅ ውሃ መስመር አዳማጭ

ኅሩይን የገደለው ሰው አልቸኮለም።

መጀመሪያ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን አሮጌ የእንጨት ስልክ ነቅሎ ግንባሩን በረቀሰው። ሽማግሌው ሲወድቅ ደረቱ ላይ ተቀመጠበት። ከዚያ የስልኩን የብረት ማዞሪያ ጨብጦ ፊቱ ፊት መሆኑ እስኪቀር ወገረው። ደሙ በወለሉ ስንጥቅ ወርዶ ታች ቤት ያለችው አሮጊት ሾርባ ውስጥ ገባ፣ እሷም ቲማቲም መስሏት ጠጣችው የሚሉ አሉ። እሱን እንኳ እኔም አላምንም።

ዘመኑ 1977 ዓ.ም. ነው፤ አገር ቤት ደርግ፣ እዚህ ደግሞ ብርድ የነገሠበት የካቲት። ቦታው ዙሪክ፣ ቪዲኮን ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ። ቀኑ እሑድ።

ሬሳውን ያገኘው የሕንፃው ጠባቂ፣ ሐውስቫርት የሚሉት ሰውዬ ነው። በሩ ገርበብ ብሎ አየና «ሙቀት ታባክናላችሁ!» ብሎ ሊቆጣ ገባ። ሳይቆጣ ወጣ። ደረጃው ላይ አስመለሰው።

መርማሪው ኸር (አቶ) ሁበር የሚባል፣ ዐይኑን ሳይጨፍን የሚያስነጥስ ረጅም ሰው ነበር። ሁለት ነገር አገኘ።

አንደኛው፣ የኅሩይ ሰው ሠራሽ ጥርስ። ምንጣፉ ላይ ወድቋል። በጥርሶቹ መካከል ቡናማ የቆዳ ጓንት ቁራጭ ተቀርቅሯል።

ሁለተኛው፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው ደኅናው ስልክ። እጀታው አንድ ጠብታ ደም ብቻ ነክቶታል። የሚናገሩበት አፉ ግን በደም ተለስኗል። የሰፊ መዳፍ ቅርጽ ነው፤ ጓንት ስለነበረበት አሻራ የለውም።

ኸር ሁበር ስለ ጥርሱ አሰበ። ስለ መዳፉ ግን አላሰበም።

በማግስቱ አስፋ ታሰረ።

አስፋ የሟቹ አማች ነው፤ የልጁ የየሻረግ ባል። ቅዳሜ ዕለት ከኅሩይ ቤት የወጣው በጩኸት ነበር፤ ፎቁ ሁሉ ሰምቷል። በዚያ ላይ የሚሠራው መሬት ውስጥ ገመድ በሚቀብር ድርጅት ስለሆነ ሁለት እጁ በቁስል የተሸፈነ ነው፤ የትኛው የጥርስ እንደሆነ አይለይም።

ለማስተርጎም የተጠራው ሻምበል ቢረሳው ነበር። ቢረሳው አዲስ አበባ ሳለ የወንጀል መርማሪ ነበር፤ አሁን ኦፕፊኮን አንድ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ይተኩሳል። ሌባ ያስለፈልፍ በነበረበት ዐይኑ የትራስ ልብስ ላይ ሲያፈጥ ይውላል።

«ከአማትህ ጋር በምን ተጣላችሁ?» አለ ቢረሳው።

«ዝም በል ስላልኩት።»

«ስለ ምን?»

«ስለ ስልኩ ታሪክ ነዋ! እናቴ አገር ቤት ናት ሻምበል። እዚህ የተወራ እዚያ ይሰማል። አይሆንም አለኝ። ‘ይህ ጉድ ያንቅሃል’ ብዬው ወጣሁ።»

«ገደልከው?»

«ለዚህ ሽመላ ንገረው፤ አባቱን ይጠይቅ!»

ቢረሳው ወደ ሁበር ዞረና በጀርመንኛ «በአክብሮት፣ አልገደልኩም ይላል» አለ።

ሁበር ፋይሉን አጠፈ። «ክስ ከተመሠረተ የጥገኝነት ጥያቄው ይዘጋል። ቀጥሎ ወደ አገሩ ነው» አለ።

ይህን ቢረሳው አልተረጎመውም። አስፋ ከከርቸሌ ሰብሮ የወጣ ሰው ነው። ቢመለስ የአውሮፕላኑን መሰላል ወርዶ አይጨርስም።

የስልኩ ታሪክ የተባለውን ኅሩይ ዋሊሰለን በሚገኘው የልጁ ቤት፣ እሑድ እሑድ ከጸሎት በኋላ፣ በክፍል በክፍል ሲያወራው ነው የከረመው።

ኅሩይ በንጉሡ ጊዜ ቆቅ ውሃ በምትባል ገጠር የቴሌፎን ማኅበር አቋቋመ። ጣልያን ጥሎት የሄደ የስልክ ማዞሪያ ሳጥን ከአንድ ጋራዥ ገዛ። ገበሬው ባሕር ዛፍ አዋጣ። እንጨቱ ሳይደርቅ ስለተተከለ ምሰሶው ሁሉ አቆጠቆጠ። በሦስተኛው ዓመት መስመሩ ጫካ ሆነ፤ ሽቦው ከደመና በላይ ወጣና ስልክ ሲደወል መብረቅ አብሮ ይገባ ጀመር። አስፋ የተቀጠረው ያኔ ነው፤ ሽቦ ከሚጠግንበት ቅርንጫፍ የሚመለምልበት ቀን ይበልጥ ነበር። አንድ ዶሮ ሽቦው ላይ ቆሞ ቢጮህ ጎረቤት ወረዳ ሰው ሁሉ ነግቷል ብሎ ተነሣ። ኅሩይ ይህን ሲናገር ይምል ነበር።

አሥራ ሁለቱም ቤት አንድ ሽቦ ላይ ነው። ለአንዱ ሲደወል ሁሉም ያነሣል። ሰው ባነሣ ቁጥር ደግሞ የተናጋሪው ድምፅ ይደክማል። ኅሩይ ከማዞሪያው ላይ ሆኖ «የማይመለከታችሁ አስቀምጡ!» ብሎ ይጮሃል፤ ስልኩ ሁሉ እንደ ገብስ ቆሎ እየተንጣጣ ይዘጋል። ከደቂቃ በኋላ መልሰው ያነሡታል።

ሰውም ዘዴ አበጀ። ስልክ ሲያነሣ በመጀመሪያ አፉን በመዳፉ ይከድናል። የውሻ ጩኸት፣ የልጅ ልቅሶ እንዳያሳብቅበት። ማን እንዳለ ሳይሰማ ማንም «አቤት» አይልም፤ ለራሱ ቢደወል እንኳ። የቆቅ ውሃ ሕፃን ከማማተቡ በፊት ስልክ መክደን ይማራል፤ ጣቶቹ ስልክ ካዩ በራሳቸው ይሄዳሉ።

ይህን ሲያወራ ቤቱ በሣቅ ተናወጠ። ከመገደሉ ሳምንት በፊት ያወራው ክፍል ግን አላሣቀም።

ደርግ መጣና ማኅበሩን ወረሰ። ኅሩይን ማዞሪያው ላይ ተዉት። በ1970 ዓ.ም. ዘጠኝ ልጆች ወፍጮ ቤት ተደበቁ። አንዱ የኅሩይ ልጅ፣ የየሻረግ ታናሽ ወንድም ነው። ሸዋረጋ የምትባል እናት ወደ ወፍጮ ቤቱ ደውላ «ልጆቹ ምሳ በሉ?» አለች። ያቺን ብቻ። ድምፁ ደከመ። ኅሩይ «አስቀምጡ!» ብሎ ጮኸ። ሁሉም አስቀመጠ። ድምፁ ግን ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም፤ አንድ ስልክ አልተዘጋም ነበር።

ከሰዓት በኋላ የደርግ ሰዎች ዘጠኙን ወፍጮው ደጃፍ አንበርክከው ማጅራታቸውን መቷቸው። ቆቅ ውሃ ለሳምንት ቀይ ዱቄት በላች።

ኅሩይ እዚህ ላይ ሲደርስ ቆመ። የተሰበሰበውን ሰው አየና «ያን ስልክ ያልዘጋውን ሰው ሰሞኑን አገኘሁት። ሳምንት ስሙን እነግራችኋለሁ» አለ።

ሳምንት አልደረሰም።

ማክሰኞ ቢረሳው የሻረግን ሊያጽናና ዋሊሰለን ሄደ።

ቤቱ በለቀስተኛ ሞልቷል። ከፊት የተቀመጠው ከጄኔቭ የመጣው ፍቅርተማርያም ነው። አንድ ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤት ይሠራል፤ ኮቱ እንደ መስታወት ያበራል። በወር አንድ እሑድ ይመጣል፤ ኅሩይ «ስሙን እነግራችኋለሁ» ባለ ዕለትም ነበር። ቀኝ እጁ በፋሻ ተጠቅልሏል።

«ምን ነካዎት?» አለው ቢረሳው።

«የትራም በር። ስዊስ ሁሉ ነገሯ ትክክል ነው፤ በሯ ግን ሰው አይለይም።» ከዚያ ወደ ጆሮው ጠጋ አለ። «ለአስፋ ጠበቃ እኔ እይዛለሁ። ንዴት ነው ብሎ ቢያምን ይሻለው ነበር። ምከሩት።»

«እርስዎ ቆቅ ውሃን ያውቁታል?»

«እኔ? ከኮተቤ ወዲያ ረግጬ አላውቅም ጌታዬ።»

ቢረሳው የሻረግን ወጥ ቤት ጠራት።

«እሑድ አባትሽን አግኝተሽው ነበር?»

«ደውዬለት ነበር ጋሼ። ለምን ቀረህ ልለው። ተነሣ።»

«ምን አለሽ?»

«ምንም። ዋሻ ውስጥ የገባሁ መሰለኝ። ‘አባዬ፣ በአስፋ ነው የተቆጣኸው?’ አልኩት። ዝም። ከዚያ ተዘጋ።» ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች። «ተቆጥቶ ነው ብዬ ተውኩት። ያን ጊዜ እየገደሉት ነበር፣ አይደል?»

ቢረሳው ነጠላዋን ከአፏ አወጣላት። ሁበር በፎቶ ያሳየው በደም የተለሰነ የስልክ አፍ ታየው። መዳፍ።

ወደ ሁበር ሮጠ። ቆቅ ውሃን፣ መስመሩን፣ መዳፉን፣ ዶሮውን ጭምር ተረከለት። ዶሮውን ባይነግረው ጥሩ ነበር።

«ስለዚህ ገዳዩ ያን ስልክ ይጠቀም የነበረ ሰው ነው» አለ ሁበር።

«ልክ!»

«ዙሪክ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ማን አለ?»

ቢረሳው በጣቱ ቆጠረ። ሟቹ፣ ልጁና አስፋ ብቻ ናቸው። ልጁ ደግሞ ደዋይዋ ናት። ገመዱን በገዛ እጁ አስፋ አንገት ላይ አጠበቀው።

«አንዴ ከሚስቱ ጋር በስልክ ያነጋግሩት። ሲያነሣ እጁን ይዩ» አለ በመጨረሻ።

አስፋን አመጡት። የሁበር ጠረጴዛ ላይ ስልኩ ጮኸ። አስፋ አነሣው፤ ጉንጩን ነፋና አፉ ውስጥ «ፉ! ፉ!» አለበት። ከዚያ መስኮቱ እስኪንቀጠቀጥ «አሎ! አሎ! ይሰማል?» ብሎ አንባረቀ። ሁበር ቡናውን ጭኑ ላይ ደፋ።

«ይህ የምሰሶ ሠራተኛ ልማድ ነው። ዛፍ ላይ ሆኖ መስመር የሚሞክር ሰው ይነፋል፣ ይጮሃል። አይከድንም» አለ ቢረሳው።

«ይህ ማስረጃ አይሆንም።»

«አይሆንም። ግን ነገ ከቀትር በኋላ ዋሊሰለን ካለው የመንገድ ስልክ ወደ ለቅሶ ቤቱ ይደውሉ። አይናገሩ። ሲዘጋ ይውጡ፤ ሦስተኛ ፎቅ ነው። ጥርሱንም ይዘው ይምጡ።»

ረቡዕ ከቀትር በኋላ ስልኩ ጠራ።

የሻረግ ልትነሣ ስትል ቢረሳው ትከሻዋን ያዘ። «አቶ ፍቅርተማርያም፣ አጠገብዎ ነው፤ ፈረንጅ ከሆነ ያናግሩልን» አለ።

ፍቅርተማርያም በፋሻው እጁ አነሣው።

ግራ መዳፉ ያለ ጌታው ፈቃድ ሄደና የስልኩን አፍ ከደነው። ትንፋሹን ያዘ። አዳመጠ። «አሎ» አላለም። ዐይኑ ጣራው ላይ ተተክሏል።

የሻረግ አየችው። ቤቱ ሁሉ አየ። ያን የመዳፍ ወሬ ኅሩይ ባወራበት እሑድ እሱ ጄኔቭ ነበር፤ ስለዚህ ሰዉ ለምን እንዳፈጠጠበት አልገባውም። ግራ ገብቶት ዘጋው።

«ማንም የለም» አለ።

«የስልኩን አፍ ለምን አፈኑት?» አለ ቢረሳው።

«ምን?»

«ኮተቤ እንዲህ ነው እንዴ ስልክ የሚነሣው?»

ፍቅርተማርያም መዳፉን አየው፤ የሌላ ሰው እጅ ይመስል። ፊቱ አመድ ሆነ።

«ፋሻውን ይፍቱት።»

«ሻምበል፣ ይህ ስድብ ነው!»

«ይፍቱት!»

ፍቅርተማርያም ስልኩን አንሥቶ የቢረሳውን ጥርስ አራገፈው። ሁለት ጥርስ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። የሻረግን በጸጉሯ ያዛት፤ የስልኩን ገመድ አንገቷ ላይ ጠምጥሞ ወደ መስኮቱ ጎተታት። መስታወቱ ረገፈ። የሚያንቃት በቀኝ እጁ ነው፤ ፋሻው በደም ርሷል። «የተጠጋኝ እንደሆነ እጥላታለሁ!» አለ። ዐይኗ ተገለበጠ።

ከጀርባው ወይዘሮ ሙሉወርቅ ነበሩ፤ ጎረቤት ናቸው፣ ቁመታቸው ከምድጃ አይበልጥም። የስዊሶቹን አይብ ማቅለጫ የብረት ድስት በሁለት እጃቸው ይዘው ወንበር ላይ ወጡ። አንድ ጊዜ መቱት። ድምፁ ቪዲኮን ድረስ ተሰማ። የቤተ ክርስቲያን ደወል ነው ብለው ያማተቡ አሉ።

ሁበር እያለከለከ ሲገባ ፍቅርተማርያም ተዘርግቷል። የሻረግ መሬት ላይ ሆና ታስላለች። በአንድ እጇ አንገቷን ይዛ በሌላው ፋሻውን እየፈታች ነው።

ከአውራ ጣቱ ሥር ጥርስ ገብቷል፤ ላይና ታች፣ መሐሉ ላይ የአንድ ጥርስ ክፍተት። ሁበር የኅሩይን ጥርስ ከኪሱ አውጥቶ ቁስሉ ላይ አስቀመጠው። ኅሩይ ሱዳን በረሃ ላይ የደረቀ ዳቦ ሲበላ ከሰው ሠራሹ አንዱ ጥርስ ወልቆበት ነበር። ቁልፍ በቀዳዳው እንደሚገባ ገጠመ። ሽማግሌው ሞቶም አልለቀቀውም።

ፍቅርተማርያም ሲነቃ በካቴና ታስሮ ነበር።

«ቆቅ ውሃ ማን ተብለው ነበር የሄዱት?» አለ ቢረሳው በሚደማ አፉ።

«ጓድ... ስም አያስፈልግም። ሦስት ወር የቀበሌው ጓዳ ውስጥ ዘጉብኝ። አዳምጥ አሉኝ። ፊቴን ያየ የለም። አክዳደኑንም እዚያው ጸሐፊው አስተማረኝ።»

«ኅሩይ እንዴት ዐወቀህ?»

«ለቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ጄኔቭ ደወለልኝ። ሳነሣ... እጄ ከድኖት ይሆናል፣ አላውቅም። ‘ቆቅ ውሃ ነበርክ?’ አለኝ። ዘጋሁበት። ጄኔቭ ከደርግ የሸሸሁ ነኝ ብዬ ነው ወረቀት ያገኘሁት፣ ሥራ የያዝኩት። አንድ እሑድ ቢያወራ ሁሉም ያበቃል። ለምኜው ነበር። እግሩ ላይ ወድቄ ለመንኩት። ‘እሑድ ናና አብረህ ስማ’ አለኝ።» ድንገት ጮኸ። «ሁሉም ያዳምጥ አልነበረም? አገሩ ሁሉ ያዳምጥ ነበር! እኔ ምን የተለየ አደረግሁ?»

የሻረግ አንገቷን እያሸች ተነሣች። የገመዱ ሰንበር ቀይ መቀነት መስሏል።

«አባቴ አስቀምጡ ሲል ሁሉም አስቀመጠ» አለችው። «ያላስቀመጥከው አንተ ነህ።»

ወሰዱት።

ለቀስተኛው የተሰበረ መስታወት እየጠረገ ሳለ ስልኩ እንደገና ጠራ። ማንም እጁን አልዘረጋም። ወይዘሮ ሙሉወርቅ ድስታቸውን አነሡ።

የሻረግ ሄዳ አነሣችው። መዳፏ ወደ አፉ ሄደ፤ የቆቅ ውሃ ልጅ ናትና። ግማሽ መንገድ ላይ መለሰችው።

ከወዲያ በኩል «ፉ! ፉ!» የሚል ነፋስ መጣ። ቀጥሎ ጓዳ ያሉት ሁሉ የሰሙት ጩኸት።

«አሎ! አሎ! የሻረግ! ለቀቁኝ! ይሰማል?»

«ይሰማል» አለች እያለቀሰች። «በደንብ ይሰማል አስፋዬ። ሌላ ያነሣ ሰው የለም።»